የዓባይ ባለቤት ካይሮ ሲገባ

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ካይሮ ለመሄድ ካሰቡ ይህን ጽሑፍ አጥፈው ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት። ጸሐፊው ባለፈው ጥር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተልኮ፣ ሥልጠናውን ረስቶ፣ መንገድ መሻገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። «ሁለት ሳምንት ከተማ ለማወቅ መች ይበቃል?» የሚሉ ይኖራሉ። ለማወቅ አይበቃም፤ ለመምከር ግን ይተርፋል። አንድ ዓመት ብቆይ ኖሮ ብዙ ነገር አውቄ፣ የምመክርበት ድፍረት ባጣሁ ነበር።

ከሁሉ በፊት ሹራብ ይያዙ። እኔ «ግብጽ በረሃ ነው» ብዬ ሁለት ጉርድ ሸሚዝ ይዤ ሄድኩ። የካይሮ የጥር ሌሊት ይበርዳል፤ ቤቱ ማሞቂያ የለው፣ ወለሉ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ጋቢ ቢይዙም ነውር የለበትም። ገላቢያ የለበሰ ወንድ በሞላበት ከተማ ጋቢ ለባሽን ዞሮ የሚያይ የለም።

ሁለተኛው ዕቃ ሳያውቁት ሻንጣዎ ውስጥ የሚገባ ነው፤ የዓባይ ባለቤትነት። ይህን ዕቃ ፍተሻው ላይ ማንም አያገኝብዎትም። አውሮፕላኑ ሲያዘቀዝቅ በመስኮት ያዩታል፤ ማለቂያ በሌለው አሸዋ መካከል አንድ አረንጓዴ ክር ተዘርግቶ፣ ክሩ ላይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጣብቆ። ግብጽ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛ ተራሮች እንደሚወርድ ሲሰማ ያደገ ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። እኔም አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው «ይሄ ሁሉ የኛ ነው» አልኩት። ሰውየው ሱዳናዊ ነበር። ሳቀና ዓይኑን ጨፈነ።

ታክሲ እንደገቡ ሾፌሩ ከየት እንደመጡ ይጠይቅዎታል። ሲነግሩት በመስታወቱ አየት ያደርግዎትና አንድ ቃል ይናገራል፤ «ሰድ!» ሰድ ማለት ግድብ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኔ የአንድ ወር ደመወዜን በአሥራ ሁለት ወር አስቆርጬ ቦንድ የገዛሁ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ በቴሌቪዥን ፊት ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ሾፌሩ በሳቅ መልክ «ውሃ ተዉልን እንጂ፣ ወንድሜ» ሲለኝ እግሬን አነባብሬ፣ ኪራይ እንዲራዘምለት እንደተለመነ የቤት አከራይ ድምፄን አወፍሬ፣ «እናያለን» አልኩት።

ማታ ሆቴል ገብቼ ሳስበው ግን አንድ ችግር አገኘሁ። የተወለድኩት ጉለሌ ነው። የአዲስ አበባ ወንዞች፣ ቀበና ቢሉ አቃቂ፣ ዞረው ዞረው አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ቀልጦ ይቀራል። ከእንጦጦ ጀርባ የዘነበው ወደ ዓባይ፣ ከፊቱ የዘነበው ወደ አዋሽ ነው። እኔ ሙሉ ዕድሜዬን የኖርኩት ከፊቱ ነው። ከሰፈሬ አንዲት ጠብታ ካይሮ ደርሳ አታውቅም። ይህን ሳሰላስል የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠብ ነበር። ቤቴ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ቢጫ ጀሪካን አሰልፌ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ተነሥቼ ባልዲ ደቀንኩበት። ለምን እንደደቀንኩ እስካሁን አላውቅም።

ስለዚህ ባለቤትነትዎን ከማወጅዎ በፊት ሰፈርዎ የየትኛው ወንዝ ተፋሰስ እንደሆነ ያጣሩ። ጎጃሜ ከሆኑ ደረትዎን ይንፉ። አዲስ አበቤ ከሆኑ ግን ወሬውን ወደ እግር ኳስ ቢያዞሩት ይሻላል። 1954 ዓ.ም.ን ያንሡ፤ አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድንበትን። ሾፌሩ 1949ን ያነሣል፤ ካርቱም ላይ 4 ለ 0 የረቱንን። አንድ ለአንድ ናችሁ። ከዚያ እሱ ከ1954 ወዲህ ያነሷቸውን ዋንጫዎች በጣቱ መቁጠር ሲጀምር «እዚህ ጋ አውርደኝ» ይበሉ። ጣቶቹ አምስቱም ያስፈልጉታል።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት፣ ወደ መንገድ መሻገር።

«መገናኛን በሥራ መውጫ ሰዓት የተሻገርኩ ሰው ነኝ» ብለው አይመኩ። ያ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ካይሮ ውስጥ ሦስት መስመር የተቀባበት መንገድ ላይ አምስት መኪና ጎን ለጎን ይነዳል፤ በመካከላቸው ሞተር ሳይክል፣ በሞተር ሳይክሎቹ መካከል ደግሞ በአንድ እጁ መሪ ይዞ፣ በሌላው እጁ ራሱ ላይ የአልጋ ያህል የዳቦ ርብራብ የደገፈ ብስክሌተኛ ያልፋል። ዜብራ አለ፤ አስፋልቱን ለማስዋብ የተቀባ ነው። መብራትም አልፎ አልፎ አለ፤ የሚያየው የለም እንጂ። ክላክስ ግን ያለማቋረጥ ይሰማል። መጀመሪያ ስድብ ይመስልዎታል። አይደለም፤ «አለሁ» ማለት ነው፣ «አየሁህ» ማለት ነው፣ «እንደምን ዋልክ» ማለትም ነው። ስድቡ የሚመጣው መስኮት ሲከፈት ነው።

እኔ ወንዙ ዳር ካለው መንገድ ጠርዝ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ። መኪና እስኪያልቅ እየጠበቅሁ ነበር። የካይሮ መኪና አያልቅም። አንዲት ሽማግሌ፣ በአንድ እጃቸው ሽንኩርት የሞላ ፌስታል ያንጠለጠሉ፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አዩኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ «ተዓላ ያ ኢብኒ» አሉና እጅጌዬን ያዙ። ና ልጄ ማለት ነው። ወደ መኪናው ጎርፍ ገባን። አልሮጡም፣ አልቆሙም፣ ወደ ኋላም አላሉም፤ ባዶ እጃቸው የኔን እጅጌ ስለያዘ መኪናዎቹን የሚያስቆሙት በሽንኩርቱ ነበር። አንዱን መኪና አሳልፈው አንድ እርምጃ፣ ሌላውን አሳልፈው አንድ እርምጃ፤ ልክ ክረምት ላይ ወንዝ የሚሻገር ሰው ድንጋይ እየመረጠ እንደሚረግጠው። የቦንድ ባለቤቱ ዓይኑን ጨፍኖ ተጎተተ። ማዶ ስንደርስ «ሹክረን፣ እናቴ» ብዬ እጅ ነሣሁ። ጀርባዬን አንዴ መታ መታ አደረጉና ተመልሰው ያንኑ መንገድ ተሻገሩ። ለካ በዚህኛው በኩል ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ሥርዓቱ ይህ ነው። ሽማግሌ ሴት ይፈልጉ፤ ካልተገኙ ልጅ የያዘች እናት። ከመኪናው በሚጠብቅዎት በኩል እሳቸውን አድርገው ይጠጉ። ያሳፍራል፤ ቢሆንም ሁላችንም የተሻገርነው እንደዚያ ነው።

ሚኒባሱን ማይክሮባስ ይሉታል። እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ልጅ ሁሉም ነገር የተለመደ ይመስለዋል፤ በሩ እንደኛው ይንገጫገጫል፣ እንደኛው ሳይቆም ያወርዳል። ልዩነቱ ሒሳቡ ነው። ብዙ ጊዜ ወያላ የለም። ከኋላ ያለው ሰው ገንዘቡን ለፊተኛው፣ ፊተኛው ለፊተኛው እያቀበለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በምንም ዓይነት ሾፌሩ ጎን አይቀመጡ። እኔ ተቀምጬ፣ ቋንቋውን ሳልሰማ፣ ሳልሾም ገንዘብ ያዥ ሆኜ ታሕሪር አደባባይ ደረስኩ። የአንዱን መልስ ለሌላው ሰጠሁ። ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ጭቅጭቁ በሳቅ ተቋጨ፤ ከኋላ አንዱ ለሁሉም አከፋፈለ። «ማዓሌሽ» አሉኝ። ይህችን ቃል ይያዙ። የረገጠዎትም ሰው ይላታል፣ እርስዎ ቢረግጡትም ይላታል፤ በኛ «ምንም አይደል»ም «ይቅርታ»ም «አይዞህ»ም ናት። መውረድ ሲፈልጉ «ወራጅ አለ» አይበሉ። እኔ ብያለሁ። ትክክለኛው «ዐላ ጋምብ ያ ኡስጣ» ነው።

የምድር ባቡሩ በአንጻሩ ሥርዓት ያለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲከፈት በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ከመግባትዎ በፊት ግን የመካከለኞቹን ሁለት ፉርጎዎች ለይተው ይወቁ። እኔ የገባሁበት ፉርጎ ውስጥ ሰው ሁሉ ገለል እያለ ቦታ ለቀቀልኝ። ነገሩን ለሐበሻ እንግዳ የተደረገ ክብር አድርጌ ወስጄው ሁለት ጣቢያ ተጓዝኩ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ተማሪ ወደ በሩ ምልክት አሳየችኝ። የሴቶች ፉርጎ ነበር።

ስለ ማዕረግ ጥቂት ልበል። ካይሮ ውስጥ ተራ ሰው የለም። ሊስትሮው «ያ ባሻ» ይልዎታል፤ የቱርክ ፓሻ ነው፣ ዐረብኛ «ፐ» ስለሌለው ባሻ ሆኗል። ልብስ ሻጩ «ያ ባሽሙሃንዲስ» ይላል፤ ዋና መሐንዲስ መሆንዎ ነው። መነጽር ካደረጉ ዶክተር ነዎት። ደስ ይላል። ነገር ግን ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም አብሮ ከፍ ይላል፤ ኻን ኤል ኸሊሊ ገበያ ውስጥ በመሐንዲስነት የጀመርኩትን የቆዳ ቦርሳ በባሻነት ልገዛው ምንም አልቀረኝም ነበር። «ወንድሜ» የሚልዎትን ሻጭ እስኪያገኙ ይዙሩ።

የሚከተለው ምክር ከሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም የተሳሳትኩት በራሳችን ጨዋታ ነው። ከሆቴሌ ሥር ካለችው ትንሽ ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ጠጣሁ፤ ግማሹ ስኳር የሆነ ሻይ። ልከፍል ስል ባለቤቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኸሊ» አለኝ። ያዘው፣ በኛ ይሁን ማለት ነው። ዓይኑ በደግነት ይበራ ነበር። አመሰገንኩትና ወጣሁ። ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ አንድ ልጅ እየሮጠ ደረሰብኝ፤ አልተቆጣም፣ ማፈሩን ግን መደበቅ አልቻለም፣ መዳፉን ዘረጋ። አዩ፣ «ኸሊ» ሲባል «አይሆንም» ይባላል፤ ሁለተኛ «ኸሊ» ይባላል፤ «በእግዚአብሔር» ይባላል፤ በሦስተኛው ይከፈላል። ይሉኝታን ለዓለም ያስተማርን የሚመስለን ሕዝብ ልጅ፣ «ብሉ» ሲሉት «አሁን ከቤት በልቼ ነው የወጣሁት» ብሎ እየተራበ ያደገ ሰው፣ ይሉኝታ በዐረብኛ ስትመጣበት አላወቃትም። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ግንበኛ መንገድ ዳር ጋዜጣ አንጥፎ ፉል ሲበላ «ኢትፈደል» ቢለኝ፣ ይህች የኛዋ «እንብላ» መሆኗ ወዲያው ገባኝ። ደረቴን ይዤ «ሰሐ» ብዬ አለፍኩ። ርቦኝ ነበር።

ስለ ምግብ ሲነሣ፣ ካይሮዎች ከተማቸውን «መስር» ነው የሚሏት፣ ሀገሪቱንም እንደዚሁ። የግዕዝ መጻሕፍት ደግሞ «ምስር» ይላሉ። ስለዚህ ምስር ገብተው ምስር ሳይበሉ መውጣት አይገባም። ኮሸሪ ይዘዙ፤ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ባንድ ሳህን ላይ ተከምሮ፣ ከላዩ ቲማቲም፣ ሆምጣጤ በነጭ ሽንኩርት፣ ጥብስብስ ያለ ሽንኩርት። ሥጋ የለበትም፤ ረቡዕና ዓርብ አያሳስብም። አስተናጋጁ ሻጣ የሚሉትን ቀይ ነገር እያሳየ «ያቃጥላል» ብሎ ቢያስጠነቅቅዎት፣ ፈገግ ብለው ሦስት ማንኪያ ይጨምሩ። ሚጥሚጣ ለቀመሰ ሰው ምንም አይደለም። በዚያ ከተማ ውስጥ ኩራትዎ ሳይነካ የሚወጣበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው።

ቡና ላይ ግን ዝም ይበሉ። «ማዝቡጥ» ካሉ መካከለኛ ስኳር ያለው፣ «ሳዳ» ካሉ ያለ ስኳር ይመጣል። አንድ ስኒ ነው። ቶናውን አይጠይቁ። እኔ ቡና ከከፋ እንደተነሣ ለማስረዳት ሞክሬ፣ አስተናጋጁ ከየመን ነው አለ፣ ጎረቤቴ ከቱርክ ነው አለ፣ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ጠዋት ጠዋት ከመስኮትዎ ሥር «ቢክያ! ሮባቢክያ!» የሚል ረጅም ጩኸት ይሰማሉ። እኔ ተኝቼ «ቆራሌው!» የሰማሁ መስሎኝ «የለንም!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ተነሥቼ ሳይ በእርግጥም ቆራሌው ነበር፤ ጋሪ ይዞ፣ ያረጀ ምድጃና የተሰበረ ወንበር ጭኖ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ አሮጌ ዕቃ ማለት። ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት ቅርጫት በገመድ አውርዳ ከአትክልት ሻጭ ቲማቲም አስሞልታ ስትስብ፣ እሱ ለመጠበቅ ጋሪውን አቆመ። ቅርጫቷን እያየ ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ካይሮ ዝም ያለችልኝ ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላይ ምክር የለኝም። አንዳንድ ጎረምሳ መንገድ ላይ በቆዳዎ ቀለም ስም አውጥቶ ይጠራዎታል። እኔ ለአሥራ አራት ቀን የሄድኩ የሆቴል እንግዳ ነኝ፤ እየሰማሁ አለፍኩ። እዚያ ስደተኛ ሆነው የሚኖሩ ልጆቻችን ግን በየቀኑ ይሰሙታል፤ «ማዓሌሽ» በሚለው የሚታለፍ እንዳልሆነ የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

ፒራሚዱን ይዩት። ትልቅ ነው።

ከፒራሚዱ ይልቅ ማር ጊርጊስ ጣቢያ ይውረዱ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ነው፣ የጥንቶቹ የቅብጥ አብያተ ክርስቲያናት ሠፈር። ለ1600 ዓመት ያህል እኛ ውሃ ስንልክ እነሱ ጳጳስ ሲልኩልን ኖረዋል፤ በ1951 ዓ.ም. የራሳችን ፓትርያርክ እስኪሾም ድረስ። እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አየሁ። ወሩ ጡባ ይላል፤ የኛው ጥር ነው፣ ቀኑም ከኛ ጋር አንድ ነው። ዓመቱ ግን 1742 ነበር። የኛ 2018 ነው። ነጮች «ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታችኋል» ባሉን ቁጥር አንገቴን ስደፋ የኖርኩ ሰው፣ 276 ዓመት ከፊት ሆኜ ራሴን ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ ለቄሱ ላካፍላቸው ሞከርኩ። ቄሱ ትሕትና ያላቸው ሰው ነበሩ፤ አዳመጡኝ።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሮዳ በምትባለው ደሴት ጫፍ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የዓባይ መለኪያ አለ። ደረጃ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፤ መካከሉ ላይ በክንድ የተከፋፈለ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ውሃው 16 ክንድ ከሞላ ሀገሩ ጠገበ፣ ግብሩም ይጣላል፤ ካልሞላ ረኀብ ነው። ጎጃም ላይ በሐምሌ የዘነበውን የሚቆጥሩት በዚህች ዓምድ ነበር። የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ጎርፉ ካይሮ አይደርስም፤ ዓምዷም ጡረታ ወጥታ ጎብኚ ትቀበላለች። ጉድጓዱ ውስጥ ጠብታ የለም። ደረጃው ላይ ብዙ ጊዜ ቆምኩ። ጠባቂው መጥቶ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ከአዋሽ» አልኩት። ምን እንደሆነ አላወቀም፣ «አህለን ወሰህለን» አለኝ።

የመጨረሻውን ማታ ለቀስር ኤል ኒል ድልድይ ያቆዩት። በሁለቱም ጫፍ የነሐስ አንበሶች ተቀምጠዋል፤ ፍቅረኞች አጥሩን ተደግፈው ይሾካሾካሉ፣ ልጆች ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች ሻጩ ጋሪው ላይ ያለው ምድጃ ይጨሳል። ከሥርዎ ውሃው ጥቁር ሆኖ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። ያን ጊዜ አንድ ነገር መናገር ይፈልጋሉ። አይናገሩ። ጥም ከያዘዎት ግን የታሸገ ውሃ የሚሸጥ ልጅ በአጠገብዎ ያልፋል፤ «ያ ባሻ» ብሎ ከጠራዎት ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ።